ካልሲየም ለደም ሥር ሽፋን ምን ይነግረዋል?

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ማዕድንና ስለ አንድ ስስ ሽፋን ነው። አምሎዲፒን ከሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት እንጀምር። መድኃኒቱ የሚመደበው «የካልሲየም ቻናል ማገጃ» ከሚባሉት ስለሆነ፣ የታዘዘለት ሰው «ታዲያ ካልሲየም ያለበትን ምግብ ላቁም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው፦ የለም፣ አያቁሙ። በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ካልሲየም በሊትር ከ2.2 እስከ 2.6 ሚሊሞል ገደማ ሆኖ ይጠበቃል። ዝቅ ሲል የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይመነጭና ከአጥንት ያስወጣል፣ በኩላሊት በኩል በሽንት እንዳይባክን ያደርጋል። መድኃኒቱ ይህን አይነካም። እሱ የሚዘጋው በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ባለው ልስልስ ጡንቻ ላይ ያለውን የካልሲየም በር ነው። ካልሲየም ወደ ጡንቻው ካልገባ ጡንቻው አይኮማተርም፤ ቧንቧው ይሰፋል፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ጥያቄው የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያው ጡንቻ አጠገብ፣ ደሙን በቀጥታ የሚነካ አንድ ረድፍ ሕዋስ ተነጥፏል። ኤንዶቴሊየም ይባላል። ኒውክሊየሱ ካለበት እብጠት ውጪ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር፣ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በዚህ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር ቧንቧው አይጠብም፤ ይሰፋል። ግድግዳው አንድ፣ ማዕድኑ አንድ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። በዚያ ላይ የኤንዶቴሊየም ሕዋስ በካልሲየም ታዝዞ ሌላም ነገር ያደርጋል፦ ከጎረቤቱ ይላቀቅና ፈሳሽ ያሾልካል፤ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ይለቃል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ትእዛዝ እንዴት ተሸከመ? መልሱ በካልሲየሙ ብዛት ላይ አይገኝም። ካልሲየሙ የትኛው ጥግ ላይ ከፍ አለ፣ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ አብሮት ሌላ ምን ምልክት መጣ፣ እነዚህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሽፋኑ ሥራ እንዳለው የታወቀበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ተመራማሪው ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸልን ዋና ደም ወሳጅ እየቆረጠ አሴቲልኮሊን በሚባል የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል ይፈትን ነበር። ቁራጩ አንዳንዴ ይፈታል፣ አንዳንዴ ይኮማተራል። ልዩነቱ የመጣው ከአዘገጃጀቱ ነበር፤ ሲቆረጥ ውስጠኛው ገጽ ከተፈተገ ሽፋኑ ይላጥና መፍታቱ ይጠፋል። ፈርችጎትና ዛዋድስኪ ይህን በ1980 አሳተሙ። ከሽፋኑ ወደ ጡንቻው የሚሻገረው ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተረጋገጠ፤ በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬም ቢሆን የደም ሥር ቀለበት ላይ የሚሠራ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው የመቀሱ ጫፍ ውስጡን እንዳይነካ መጠንቀቅን ነው።

ወደ ሕዋሱ እንግባ። ያረፈ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም 100 ናኖሞላር ገደማ ነው። ከውጭ፣ በደሙ ውስጥ፣ ነጻው ካልሲየም 1.2 ሚሊሞላር አካባቢ ነው፤ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሕዋሱ ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ያለማቋረጥ ይከፍላል። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የውስጥ ጎተራ ላይ ያለው ፓምፕ ኤቲፒ በሚባለው የሕዋሱ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል፣ በአንዱ ሁለት ካልሲየም ወደ ጎተራው ይከታል፤ በውጭ ሽፋኑ ላይ ያለው ፓምፕ በአንድ ኤቲፒ አንድ ካልሲየም ያስወጣል፤ ሌላው መለዋወጫ ደግሞ ሦስት ሶዲየም እያስገባ አንድ ካልሲየም ያባርራል። ጎተራው ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሹክሹክታም እንደሚሰማ ሁሉ፣ መነሻው ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት በሮች ሲከፈቱ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ካልሲየም በብዛት ቢቆይ ደግሞ ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ይረጋል፤ ሕዋሱም ይሞታል።

ምልክቱ እንዴት ይነሣል? ብራዲካይኒን፣ ሂስታሚን፣ ትሮምቢን፣ አሴቲልኮሊን ወይም ከሕዋስ ውጭ ያለ ኤቲፒ በሽፋኑ ላይ ካለው የራሱ ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ተቀባዩ ፎስፎላይፔዝ ሲ የሚባለውን ኢንዛይም ያስነሣል፤ ኢንዛይሙ ከሽፋኑ ቅባት አንዱን ሰንጥቆ አይፒ3 የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ወደ ውስጥ ይለቃል። አይፒ3 ከጎተራው ካልሲየም እንደምታስወጣ የታወቀው በ1983 ነው። የጎተራው በር አንድ ረቂቅ ባሕርይ አለው፦ ጥቂት ካልሲየም ሲደርሰው ይበልጥ ይከፈታል፣ ሲበዛበት ይዘጋል። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ካልሲየሙ ደጋግሞ ሲመታ የሚታየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎተራው ግን ትንሽ ነው፤ በሰኮንዶች ውስጥ ይጎድላል። በጎተራው ግድግዳ ላይ የተተከለው ስቲም1 የሚባል ፕሮቲን ጉድለቱን ያያል። ካልሲየሙ ሲለቀው ቅርጹ ይለወጥና፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ወደ ውጭ ሽፋኑ ተጠግቶ ኦራይ1 የሚባለውን በር ይከፍታል። ከውጭ ካልሲየም ይገባል። ስለዚህ በአንድ ሂስታሚን የተቀሰቀሰ ሕዋስ ሁለት ምዕራፍ ያሳያል፦ መጀመሪያ ከጎተራ የመጣ ሹል ጫፍ፣ ቀጥሎ ከውጭ በሚገባው የተደገፈ፣ ለደቂቃዎች የሚቆይ ዝቅ ያለ ሜዳ። ብዙ ሰው ዓይኑ ጫፉ ላይ ይቀራል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲመረት እንዲቆይ የሚያደርገው ግን በአብዛኛው ሜዳው ነው።

እዚህ ላይ ከጡንቻው ጋር ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። የጡንቻው ዋና በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፤ የሽፋኑ ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ሲቃረብ ይከፈታል፣ አምሎዲፒንም የሚይዘው እሱኑ ነው። የኤንዶቴሊየም ሕዋስ ግን በአብዛኛው በዚህ በር አይሠራም። በሮቹ የሚከፈቱት በኬሚካልና በጉልበት ሲሆን፣ ቮልቴጁ የሚወስነው ካልሲየሙ በምን ያህል ኃይል እንደሚሳብ ነው። የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ በሆነ ቁጥር ካልሲየም ይበልጥ ይገባል። ስለዚህ ጡንቻውን የሚያሳርፈው የቮልቴጅ ለውጥ ኤንዶቴሊየሙን ያነቃቃዋል። ሁለቱን በአንድ ሕግ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው።

አሁን ካልሲየሙ ሥራ ሲሠራ ቀረብ ብለን እንመልከት። በውጭ ሽፋኑ ላይ ካቪዮላ የሚባሉ፣ ከአንድ ማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጡ ትናንሽ ጎድጓዶች አሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም፣ በአጭሩ ኢኖስ፣ በቅባት ሰንሰለት እዚያ ታስሮ ይቀመጣል። ካቪዮሊን የሚባል ፕሮቲን ስለያዘው አይሠራም። ካልሲየም ሲጨምር ካልሞዱሊን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አራት ካልሲየም ይሸከማል፤ ቅርጹ ተለውጦ ኢኖስን ይጨብጣል፤ ካቪዮሊን ይለቃል። በኢንዛይሙ ውስጥ ኤሌክትሮን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መፍሰስ ይጀምራል፤ አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ወደ ሲትሩሊንና ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጣል። ጋዙ በር አይጠይቅም፤ በቅባቱ ውስጥ ሰርጎ ወደ ጡንቻው ይደርሳል፤ እዚያ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ውስጣዊ መልእክተኛ እንዲመረት ያደርጋል፤ የጡንቻው ካልሲየም ይወርዳል፤ ጡንቻው ይፈታል። በአንዱ ሕዋስ የካልሲየም ከፍ ማለት በሌላው ካልሲየምን አወረደ ማለት ነው። የመግቢያችን እንቆቅልሽ የሚፈታው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆንበት ርቀት ትንሽ ነው። ካልሲየም በሕዋስ ውስጥ እንደ ልቡ አይዘዋወርም፤ በመንገዱ ያሉ ፕሮቲኖች ይይዙታል። በ1992 በታተመ ልኬት፣ ነጻ ካልሲየም ሳይያዝ የሚደርስበት ርቀት ከአንድ ማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን አይፒ3 ግን ወደ 24 ማይክሮሜትር ትሄዳለች። መልእክቱን ወደ ሩቅ የምታደርሰው አይፒ3 ናት፤ ካልሲየም ሥራውን የሚሠራው በተለቀቀበት ደጃፍ ነው። ስለዚህ በሩ ኢኖስ አጠገብ ከሆነ ቧንቧው ይሰፋል፤ በሩ ሌላ ጥግ ከሆነ ያው ካልሲየም ሌላ ሥራ ይሠራል።

ለዚህ ከሁሉ የሚያምረው ምሳሌ በትናንሽ ደም ወሳጆች ይገኛል። በኤንዶቴሊየሙና በጡንቻው መካከል ላስቲክ መሰል ንጣፍ አለ፤ ንጣፉ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ኤንዶቴሊየሙ በቀዳዳው ጣቱን ሰድዶ ጡንቻውን ይነካል። በጣቱ ጫፍ ላይ የካልሲየም በሮችና በካልሲየም የሚከፈቱ የፖታስየም በሮች ጎን ለጎን ተሰድረዋል። ትሪፕ-ቪ4 የተባለው በር ብልጭ ብሎ ሲከፈት የፖታስየሙ በር ይከተላል፤ ፖታስየም ይወጣል፤ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፤ ያ ለውጥ በሁለቱ መካከል ባለው ቀጥታ መገናኛ ወደ ጡንቻው ያልፍና የጡንቻውን የኤሌክትሪክ በር ይዘጋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ አያስፈልገውም። በመላው ሕዋስ አማካይ ሲለካ ካልሲየሙ የጨመረ አይመስልም፤ ቧንቧው ግን ሰፍቷል። ቧንቧው ባነሰ ቁጥር ይህ መንገድ ይበልጥ ይከብዳል፤ በትላልቅ ደም ወሳጆች ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመዝናል። ከትልቅ ደም ወሳጅ የተገኘ ውጤትን ለትንሹ ማውረስ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሌላው ቀስቃሽ የደሙ ፍሰት ራሱ ነው። ደም ሲያልፍ ሽፋኑን ይገፋል፤ ሕዋሱ ይህን ግፊት ይሰማል። ዋነኛ ከሆኑት ሰሚዎች አንዱ ፒየዞ1 ነው፦ ሽፋኑ ሲወጠር የሚከፈትና ካልሲየም የሚያስገባ በር። የፒየዞ ቤተሰብ የታወቀው በ2010 ነው፤ አርደም ፓታፑቲያንም በ2021 ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚሁ ሥራ ነው። ፍሰት ሲጀምር ካልሲየሙ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ይወርዳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ግን አይቆምም። አክት የሚባለው ኢንዛይም በሰው ኢኖስ ላይ ሴሪን 1177 በሚባለው ቦታ ፎስፌት ስለሚለጥፍ፣ ኢኖስ በጥቂት ካልሲየምም መሥራቱን ይቀጥላል። «ካልሲየም ወርዷልና ምርቱ ቆሟል» ብሎ መደምደም አይቻልም።

አሁን ወደ ክፉው ፊት። አለርጂ ሲነሣ ሂስታሚን፣ ደም ሲረጋ ትሮምቢን ወደ ሽፋኑ ይመጣሉ። በተለይ ከካፒላሪ ቀጥለው ባሉት ትናንሽ ደም መላሾች ውስጥ፣ ካልሲየምና ካልሞዱሊን የሕዋሱን ገመድ የሚያስስበውን ኢንዛይም፣ ማዮሲን ኪኔዝን፣ ያስነሣሉ፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት የአክቲን ገመዶች ይሳባሉ። ሕዋሱን ከሕዋስ የሚያስተሳስረው ቪኢ-ካድሄሪን ይላላል። በመካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሃና ፕሮቲን ወደ ውጭ ያልፋል፤ ቆዳው ያብጣል። ትሮምቢን ደግሞ ሮ-ኤ የሚባለውን መንገድ አብሮ ስለሚያስነሣ ክፍተቱ ቶሎ አይዘጋም። ካልሲየሙ ብቻውን ይህን ያህል አይዘልቅም፤ ተባባሪ ይፈልጋል።

በዚያው ቅጽበት ሌላም ነገር ይወጣል። ዋይበልና ፓላዴ በ1964 ያዩዋቸው በትር መሰል ከረጢቶች ፎን ዊለብራንድ ፋክተር የሚባለውን ፕሮቲን ጠቅልለው ይዘዋል። ካልሲየም ሲጨምር ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳል፤ ፕሮቲኑ ይዘረጋል፤ ደም ለማርጋት የሚረዱት ፕሌትሌቶች ይጣበቁበታል። ነጭ የደም ሕዋስን የሚይዘው ፒ-ሰሌክቲንም ከዚያው ከረጢት ወጥቶ በገጹ ላይ ይቀመጣል። ለቁስል ጥሩ ነው፤ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) መላ ሰውነትን ባዳረሰበት ሕመም ግን አደጋ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት የሚያስችለው ፉራ-2 የሚባል ቀለም ነው፤ በ1985 ከሮጀር ቺየን ቤተ ሙከራ ወጣ። በ340 እና በ380 ናኖሜትር ብርሃን ተራ በተራ ይመታል፤ በ510 ናኖሜትር አካባቢ የሚወጣው ብርሃን ይለካል። ካልሲየም ሲይዝ የ340ው ያድጋል፣ የ380ው ያንሳል። የሁለቱ ጥምርታ ስለሚነበብ፣ የቀለሙ መጠን ወይም የሕዋሱ ውፍረት ቢለያይም ልኬቱ ብዙ አይዛባም። እንደ ኤንዶቴሊየም ላለ ስስ ሕዋስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእምብርት ገመድ ደም መላሽ የተወሰዱ ሕዋሳት በመስታወት ላይ ይበቅላሉ። ፉራ-2 በኤኤም ኢስተር፣ ማለትም በሕዋሱ ሽፋን ማለፍ በሚችል መልኩ፣ ከ2 እስከ 5 ማይክሮሞላር፣ ቀለሙን ለማሟሟት ከሚረዳ 0.02 በመቶ ፕሉሮኒክ ጋር ይጨመራል፤ በጨለማ 30 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ታጥቦ ሌላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ይህ ጊዜ የሕዋሱ ኢንዛይሞች ኢስተሩን የሚቆርጡበት ነው። ቶሎ የቸኮለ ሰው ካልሲየም የማይሰማ ቀለም ይለካል። ቀለሙ በርክቶ ከተጫነ ደግሞ ራሱ ካልሲየም ይይዝና ጫፉን ያደነዝዛል፤ መደበኛው ልኬት ትክክል ሆኖ ሳለ ምላሹ ዝግ ብሎ የሚነሣ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። በሙቀት ብዙ ከቆየ ቀለሙ ወደ ጎተራውና ወደ ማይቶኮንድሪያ ይሰርጋል፤ ያኔ ሕዋሱ ነጠብጣብ ይሆናል። መፍትሔው ጊዜውን ማሳጠርና በክፍል ሙቀት መጫን ነው።

ሁለት ደቂቃ መነሻውን ቅዱ፤ 10 ማይክሮሞላር ሂስታሚን ስጡ። ጫፉ በሰኮንዶች ውስጥ ይመጣል። ቀጥሎ ያንኑ ካልሲየም በሌለው፣ ካልሲየም የሚይዝ 1 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ባለው ፈሳሽ ድገሙት፤ ጫፉ ይኖራል፣ ሜዳው ይጠፋል። ጫፉም ከጠፋ ሕዋሱ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ረዥም ጊዜ ቆይቶ ጎተራው ተሟጧል ማለት ነው፤ ለውጡን ከቀስቃሹ በፊት ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አታስቀድሙት። የውጩን መግቢያ ለብቻው ማየት ለሚፈልግ ደግሞ፣ ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ፣ 1 ማይክሮሞላር ታፕሲጋርጊን የጎተራውን ፓምፕ ያቆማል፤ ጎተራው ከጎደለ በኋላ በውጩ ፈሳሽ ላይ ካልሲየም መልሶ ይጨመራል፤ ያን ጊዜ የሚነሣው የኦራይ1 ድርሻ ነው።

አታላይ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፒፔት ነው። ፈሳሽ በኃይል ሲፈስ ሕዋሳቱ ይገፋሉ፣ ኤቲፒም ይለቃሉ፤ ካልሲየሙም ምንም መድኃኒት ሳይኖር ይነሣል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሌለበት ያው ፈሳሽ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሁልጊዜ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። ይህ ሳይደረግ የቀረበ ምስል ምንም ያህል ቢያምር አይታመንም። ሁለተኛው አሴቲልኮሊን ነው። በቧንቧ ቁራጭ ላይ ግሩም ይሠራል፤ በመስታወት ላይ ያደጉ ሕዋሳት ግን ተቀባዩን ብዙ ጊዜ ስለሚያጡ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው የሕመም ምልክት አይደለም። ሦስተኛው ቀለሙ ራሱ ነው፤ ፉራ-2 ግማሹ የሚሞላው በ224 ናኖሞላር ገደማ ስለሆነ በካቪዮላው ደጃፍ ላይ ያለውን የማይክሮሞላር ከፍታ አያይም። የሚያሳየው የአካባቢውን አማካይ ነው።

ካልሲየሙ ፍጹም ደህና ሆኖም ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ኢኖስ ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የሚባል ረዳት ያስፈልገዋል። በስኳር ሕመም፣ በትምባሆና በረዥም የደም ግፊት ይህ ረዳት በኦክሲጅን ጉዳት ይመናመናል። ያኔ ካልሲየም ይመጣል፣ ካልሞዱሊን ይጨብጣል፣ ኤሌክትሮን ይፈስሳል፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኑ ወደ አርጂኒን በመሄድ ፈንታ ወደ ኦክስጅን ያመልጥና ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ሱፐርኦክሳይድ ደግሞ የቀረውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይበላል። እዚህ ላይ ካልሲየሙን ብቻ የለካ ሰው «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል፤ ካልሲየሙን ይበልጥ ያነሣ ሰው ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል።

በሰው ላይ የሚደረገው ምርመራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ማሰሪያ በክንድ ላይ ይታሰርና ከላይኛው ግፊት 50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ ተደርጎ ለ5 ደቂቃ ይቆያል። ሲለቀቅ ደሙ በኃይል ይፈሳል፤ ሽፋኑ ይገፋል፤ ደም ወሳጁ ምን ያህል እንደሰፋ በአልትራሳውንድ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ይለካል። ካልሰፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ይሰጣል፤ ይህ መድኃኒት ሽፋኑን አልፎ ናይትሪክ ኦክሳይድን ለጡንቻው ያቀብላል። በእሱ ከሰፋ ጡንቻው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ሽፋኑ ጋ ነው። ካልሲየሙ አልተነሣም፣ ወይስ ተነሥቶ ኢኖስ ሳተ? ማሰሪያው እዚያ ድረስ አይነግርም፤ ለዚያ ሕዋሱን በቀለም ማየት፣ ከጎኑም ናይትሪክ ኦክሳይዱንና ሱፐርኦክሳይዱን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።